አምስተኛ ማዕረግ

የውሃ በር ጠባቂ ነኝ፣ በያናጋዋ ቦይ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ከብረት መዘውር ጋር።
ሌሊት፣ ዓሣ ጠባሾች ደጃቸውን ሲዘጉ፣
ጀልባዎቹም ታስረው ጎን ለጎን ሲጠጉ፣
እሱ ይመጣል።
አይቸኩልም፣ አይዘምርም፤ ይቆማል።
አንገቱን ዋጥ አድርጎ፣ ትከሻው ላይ ቀብሮ፣
ካፖርት እንደደረበ ጡረተኛ መምህር አቀርቅሮ።
ጀርባው ጥቁር፣ ክንፉ አመድ፣ ዓይኑ ቀይ ፍም፤
ከማጅራቱ ሁለት ነጭ ክር ወርዷል፣
ነፋስ እንጂ እሱ አያንቀሳቅሰውም።

ስሙ ብዙ ነው።
የላቲን ሊቃውንት መዝገብ ላይ ሲጽፉት፣
«የሌሊት ቁራ፣ የሌሊት ቁራ» ብለው ሁለቴ ጠሩት፣
አንዴ ብቻ ቢጠሩት በጨለማ የማይሰማ መስሏቸው።
የእናቴ ሰፈር ሰዎችም «የሌሊት ቁራ» ነው የሚሉት፤
ሳይተዋወቁ፣ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ስድብ መስማማታቸው!

የክብር ስሙ ግን ጎይ ነው፣ «አምስተኛ ማዕረግ»።
ይባላል፦ ድሮ አንድ ንጉሥ ኩሬ ዳር ሲያርፍ፣
«ያዙልኝ ያንን ወፍ» አለ፤ ወፉ ሊበር ክንፉን ሲያራግፍ፣
«በንጉሥ ትእዛዝ!» አለ ሎሌው። ወፉ ክንፉን ሰበሰበ፣
ሣሩ ላይ ጋደም አለ፤ ታቀፈ፣ ከዙፋን ቀረበ።
ንጉሡም ደስ አለው፤ ማዕረግ ሰጥቶ ለቀቀው።
ሹመት ያዳብር! የትኛው መኮንን ነው እንዲህ በቀላሉ የተሾመው፣
የትኛውስ ነው በተሾመ ማግስት ወደ ረግረጉ የተመለሰው?

እኔም አንድ ሌሊት ሞከርኩት፤ ለማንም አልነገርኩም ነበር።
መዘውሩን ለቅቄ፣ ጎንበስ ብዬ ከግንቡ ሥር፣
«በንጉሥ ትእዛዝ!» አልኩት።
በአንድ ቀይ ዓይን አየኝ፣ ኩሱን ለቀቀ፣
«ጓ!» ብሎኝ በጣሪያዎቹ ላይ ራቀ።
ደመወዜን የሚያውቅ ይመስላል።

ተንኮሉንም ላውራ። የልጆች ብስኩት ቁራሽ ከግንቡ ያነሳል፣
ውሃው ላይ፣ በምንቃሩ ጫፍ፣ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል፤
ቁራሹ ከራቀበት ሄዶ ያመጣዋል፣ መልሶ ይጥላል፣
ይጠብቃል።
ልትበላ የመጣችው ትበላለች።
ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ፤
ይህን ሹም ምን ይቆጨዋል? የእሱ ነው ሌሊቱ ሙሉ።

ሳዋኮ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ በስምንት ዓመቷ፣
«ይሄ ሌላ ዘር ነው» አለች፣ አመልክታ በጣቷ፤
ቡናማ፣ ዓይነ ቢጫ፣ ጀርባው የነጭ ጠብታ፣
ሩዝ ያጠበች ሴት እጇን እንዳራገፈችበት ማታ።
ስሙም ለብቻው ነው በእኛ አገር፦ «ባለኮከብ»።
ሹሙን ባንድ ገጽ፣ ኮከቡን በሌላ፣ ደብተሯ ላይ ስትከትብ
አየሁ። አላረምኳትም።
ሦስት ክረምት ጠበቀች።
ኮከቡ አንድ በአንድ ረገፈ፤ ቢጫው ዓይን ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ፍም ሆነ።
አንድ ማታ በውሃው በር ላይ የቆመው ባለኮከብ አልነበረም፣ ሹም ነበር።
ደብተሯን ይዛ፣ ብዙ ቆማ፣
«ኮከቦቹንስ የት አደረሳቸው?» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወፉ እንዳይሰማ።
«ውሃው ውስጥ» አልኳት።
ደግነቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ውሃው አላዋሸኝም ያን ሌሊት።

በየካቲት ቦዩን እናደርቃለን፤ የከተማው ገመና ይወጣል፦
ብስክሌት፣ ጃንጥላ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር ይለቀማል።
በየጉድጓዱ የቀረችውን ዓሣ ሹሙም ባለኮከቡም ይካፈላል፤
ያን ሰሞን ማዕረግ የለም፣ ጭቃ ነው፣ ሁሉም እስከ ጉልበቱ ይነከራል።

ዘንድሮ መዘውሩን የማዞረው ለመጨረሻ ነው።
ከርሞ በሩን የሚከፍተው ሞተር ነው፣ ከቢሮ፣ በአዝራር የሚታዘዘው።
ማዘጋጃ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ።
«በንጉሥ ትእዛዝ» ያለኝ የለም፤ እኔም ግን ክንፌን ሰበሰብኩኝ።

ሳዋኮ ኩሩሜ ሆስፒታል ናት፤ ተረኛ ነርስ፣ የሌሊት።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውላለች፣ በሽተኞቿ ሲተኙላት።
«አለ?»
«አለ።»
«ዓይኑ?»
«ቀይ።»
«ያንተስ?»
ዝም አልኩ። እዚያ ማዶ፣ በስልኩ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ አጥብቆ ሳለ፤
እዚህ ከግንቡ ሥር፣ አንዱ «ጓ!» አለ።